ጩኸት ሌላ፣ መሰማት ሌላ

ዛሬ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ ካርድ እድሳት፣ ስለ ቃለ መጠይቅ አልጽፍም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ስፒከር ነው። እንዳትስቁብኝ። በዚህ የሙቀት ወራት ብቻ እኔ በማውቃቸው የእኛ ሰዎች ቤት ሦስት አምፕሊፋየር ተቃጥሏል። በሁለት ቤት ደግሞ በድምፅ ምክንያት ከጎረቤት ጋር ጠብ ተነስቶ ሽማግሌ ገብቶበታል። አንዱ ቤተሰብ ቤት እስከ መልቀቅ ደርሷል። ስደተኛ ቤት ሲለቅ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

እንደምታውቁት እኔ አገር ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። እዚህም የማስተምረው የሁለተኛ ደረጃ ልጆችን ነው። ስለዚህ "መምህር፣ የትኛውን ስፒከር ልግዛ?" "ወንድሜ ከውጭ ሊልክልኝ ነው፣ ምን ልበለው?" "ለምንድን ነው የሚያንቋርረው?" እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝን በአንድ ላይ ልመልስ። ረጅም ነው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

በመጀመሪያ ነገሩ ቅንጦት ነው ለሚሉት አንድ ነገር ልበል። እኛ አገራችንን በዓይናችን ካየናት ቆይተናል። አሁን የምናገኛት በጆሯችን ነው። የእናት ድምፅ በስልክ፣ የታናሽ እህት የድምፅ መልእክት፣ የሬዲዮ ዜና፣ የበዓል ዋዜማ መዝሙር፣ የረመዳን መንዙማ፣ የሠርግ ዘፈን። ለቅሶ እንኳን የምንደርሰው በድምፅ ነው። ባለፈው አንዲት እናታችን አገር ቤት ታላቅ ወንድማቸው አርፈው እዚህ ሐዘን ሲቀመጡ፣ ቀብሩ ላይ የተቀረጸው የሽማግሌዎቹ ንግግር በስልክ ተልኮላቸው ነበር። ጆሯቸው ትንሽ ስለሚደክም ስልኩን አስጠግተውም አልሰሙትም። በትልቁ ስፒከር ሲከፈትላቸው ደግሞ ድንኳን የሚያናውጥ ድምፅ ወጣ፣ ቃሉ ግን አልተለየም። "ልጄ፣ ይጮሃል እንጂ አይናገርም" አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ትርጉም እኔም አልሰጠውም።

ድምፅን በጥንቃቄ መስማት ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም። የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ክፍል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛው ክፍል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982። በደርግ ጊዜ ወላጆቻችን የውጭ ሬዲዮ ሲሰሙ በሩን ዘግተው፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮኑ አስጠግተው ነበር። አባቴ እንደሚነግረኝ ጥሩ ሬዲዮ ማለት ዝቅ ሲደረግም ቃሉ የሚለይ ነው። ይህች መለኪያ ዛሬም ትሠራለች። ያላችሁን ስፒከር ዝቅ አድርጋችሁ የሰው ንግግር ክፈቱበት። ዝቅ ብሎ ካልተለየ ከፍ ሲል የሚጨምረው ጩኸቱን ነው።

የሙዚቃውም ታሪክ እንዲሁ ነው። አምሃ እሸቴ አምሃ ሬኮርድስን እ.ኤ.አ. በ1969 አቋቁሞ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ሸክላ ማጫወቻ በየቤቱ አልነበረም። በኋላ ካሴት መጣና ቴፕ በየሳሎኑ ገባ። ታስታውሳላችሁ፣ እናቶቻችን ቴፑን ዳንቴል ያለብሱት ነበር። ዳንቴሉ ሲነሳ እንግዳ መጥቷል ወይም በዓል ነው ማለት ነው። ከዚያ ሞንታርቦ መጣ። ሞንታርቦ የአንድ ጣሊያናዊ አምራች ስም ነው፤ እኛ አገር የማንኛውም ትልቅ ድምፅ ማጉያ መጠሪያ ሆነ። ሞንታርቦ የተሠራው ለሠርግ ድንኳን፣ ለአደባባይ፣ ለአዳራሽ ነው። ችግራችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው ብዬ አስባለሁ። የጥሩ ድምፅ ልካችን ድንኳኑ ሆነና አራት በአምስት ሜትር ክፍል ውስጥም ድንኳን ልናሰማ እንፈልጋለን።

እኛ እዚህ ዋራበሌ ዓርብ ዓርብ የምንሰበሰብባትን የኪራይ ክፍል ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ጠዋት ልጆች አማርኛ ማንበብና ሒሳብ ይማራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ትልልቆቹ ይመጣሉ። ግድግዳዋ እኩሌታው ብሎኬት፣ እኩሌታው ኮምፔርሳቶ ነው፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። በሶማሊኛ ዋራቤ ጅብ ማለት ነው። ጅቡ ከሄደ ቆይቷል፤ ሌሊት ሲጮህ የነበረው የእኛ ስፒከር ነው። ሰዎች አዋጥተው የገዙት አንድ ትልቅ ባለ መብራት ስፒከር ነበር፤ ጀርባው ላይ "5000 ዋት" የሚል ተለጥፎበታል። ልጆቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው የተቀረጸውን ንባብ አይሰሙትም፣ ሦስተኛ ቤት ያሉት ጎረቤት ግን ግድግዳቸው ይንቀጠቀጣል። አከራያችን ደግ ሰው ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ታገሡን። በሦስተኛው "ክፍሏን እፈልጋታለሁ" አሉ። 30 የሚሆኑ ልጆች የሚማሩባት ክፍል በአንድ ስፒከር ልትሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ከነምክንያቱ ልንገራችሁ።

አንደኛ፦ የተለጠፈውን ዋት አትመኑ።

ያ "5000 ዋት" የሚለው ስፒከር ኃይል የሚያገኘው ከአንዲት ጥቁር አዳፕተር ነው። አዳፕተሯ ላይ 12 ቮልት፣ 2 አምፔር ይላል። ልጆች፣ ዋት ምንድን ነው? ቮልት ሲባዛ በአምፔር። 12 በ2 ስናባዛ 24 ዋት ነው። 24 ዋት የሚገባበት ዕቃ 5000 ዋት ከየት አምጥቶ ያወጣል? ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ከፊት ያለውን ተለጣፊ ትታችሁ አዳፕተሩን ወይም ከኋላ ያለውን የኃይል ጽሑፍ አንብቡ። አርኤምኤስ የሚል ቁጥር ካለ እሱ ይሻላል፤ ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለውን ይናገራል። ፒኤምፒኦ የሚለውን ግን ለገበያ የተጻፈ ነው ብላችሁ እለፉት።

ደግሞ ብዙ ዋት አያስፈልገንም። ተራ የቤት ስፒከር በአንድ ዋት ብቻ አንድ ሜትር ላይ 86 ወይም 88 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል። ሰው ተረጋግቶ ሲያወራ አንድ ሜትር ላይ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። በአንድ ዋት እንኳን ከሰው ንግግር በጣም ከፍ ያለ ድምፅ ይወጣል ማለት ነው። ዋቱን እጥፍ ብታደርጉ የምትጨምሩት 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ ይህን "ትንሽ ጨመረ" ይለዋል። ጆሯችን "እጥፍ ሆነ" የሚለው 10 ዴሲቤል አካባቢ ሲጨመር ነው፣ ለዚያ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። በ20 ዋትና በ40 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ገንዘብ ላይ ትልቅ ነው፣ ጆሮ ላይ ትንሽ ነው። ለዚህች ክፍል ከአምስት እስከ አሥር ዋት ንጹሕ ድምፅ ይበቃል፣ ይተርፋል።

ሁለተኛ፦ ኦሙን ሳታዩ አትቀጥሉ።

እኛ ያንን ትልቅ ስፒከር አስቀምጠን፣ አገልግለው የተጣሉ ሁለት የድሮ የቤት ስቴሪዮ ስፒከሮች ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዛን። እንጨታቸው ተፍቋል፣ ጨርቃቸው ተቀዷል፣ ውስጣቸው ግን ደህና ነው። ከኋላቸው 8 ኦም ይላል። አምፕሊፋየሩ ላይ ደግሞ "4–16 ኦም" ይላል። ይህ ምን ማለት ነው? ኦም ስፒከሩ አምፕሊፋየሩን የሚቋቋምበት ልክ ነው። ኦሙ ሲያንስ ብዙ ኃይል ይስባል፣ አምፕሊፋየሩም ይግላል። ከተጻፈው በታች ካወረዳችሁት ይቃጠላል። ካየኋቸው ሦስት የተቃጠሉ አምፕሊፋየሮች ሁለቱ የሞቱት በዚህ ነው።

ብዙዎቻችን ስፒከር ሲጨመር ዝም ብለን ሽቦውን እላዩ ላይ እንጠመዝዛለን። ቀይን ከቀይ፣ ጥቁርን ከጥቁር አድርጋችሁ ሁለት ስፒከር ባንድ ቀዳዳ ስትሰኩ ትይዩ ይባላል። ሁለት ባለ 8 ኦም በትይዩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ይህ ለእኛ አምፕሊፋየር ደህና ነው። ሁለት ባለ 4 ኦም በትይዩ ግን 2 ኦም ናቸው፤ ይህ አደጋ ነው። ሦስት ባለ 8 በትይዩ 2.7 ኦም ገደማ ነው፤ እሱም አደጋ ነው። መላው ተከታታይ ማድረግ ነው። ከአምፕሊፋየሩ ቀይ ወደ አንደኛው ስፒከር ቀይ፣ ከአንደኛው ጥቁር ወደ ሁለተኛው ቀይ፣ ከሁለተኛው ጥቁር ወደ አምፕሊፋየሩ ጥቁር። ያኔ ይደመራል፤ 4 ሲደመር 4 ስምንት ይሆናል። አራት ባለ 8 ካላችሁ ደግሞ ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አድርጉ፣ ሁለት 16 ታገኛላችሁ። እነዚያን በትይዩ ስታገናኙ ተመልሶ 8 ኦም ይሆናል።

ይህንን ሒሳብ ለአሥረኛ ክፍል ልጆቼ በሰሌዳ ላይ ለዓመታት ስሠራ አብዛኞቹ ለፈተና ብቻ ነበር የሚይዙት። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ካቻቢቴና ፒንሳ ይዘው በእጃቸው ሲያገናኙት አንዲት የ15 ዓመት ልጅ "መምህር፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው" አለችኝ። ደስ ያለኝን ያህል አልነግራችሁም።

ሦስተኛ፦ ሽቦ።

በስልክ ሽቦ፣ በቀጭን የመብራት ጌጥ ሽቦ ስፒከር አታገናኙ። የመዳብ ሽቦ ወፍራምነቱ 1 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ በአንድ ሜትር 0.017 ኦም ገደማ ይቋቋማል። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ድምፁ ሄዶ መመለስ አለበት፤ ስፒከሩ 10 ሜትር ቢርቅ ሽቦው 20 ሜትር ነው። 0.2 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን ሽቦ በ20 ሜትር 1.7 ኦም ይሆናል። ስፒከራችሁ ባለ 4 ኦም ከሆነ ከሚወጣው ኃይል ወደ 30 በመቶው ሽቦው ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ግን በዚያው ርቀት 0.23 ኦም ገደማ ብቻ ነው። ለቤት ውስጥ ሦስትና አራት ሜትር 1 ካሬ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለራቀ 1.5 ወይም 2.5 ግዙ። ወርቅ የተቀባ ነው፣ ልዩ ነው እያለ የሚሸጥላችሁን በውድ አትግዙ። ተራ የመብራት መዳብ ሽቦ ያው ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ብዙ ርካሽ ሽቦ ከላይ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው። ይሠራል፣ ግን አንድ ደረጃ ወፍራሙን ውሰዱ። እዚህ ደግሞ የባሕር ጨው ያለበት አየር ነው፤ ሽቦ የተጠመዘዘበት ቦታ ቶሎ ይዝጋል። በየሁለት ሦስት ወሩ ፈታችሁ፣ ጫፉን አጽድታችሁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩና በናስትሮ ጠቅልሉት። "ስፒከሩ ሞተ" ተብለው ከመጡልኝ ውስጥ ስንቱ እንዲህ በማጽዳት ብቻ ተነሳ!

አራተኛ፦ ቀይና ጥቁር ይገጥሙ።

ይህች ነገር ነፃ ናት፣ ጥቅሟ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ሁለት ስፒከር ካላችሁ የአንዱ ወረቀት ወደ ፊት ሲገፋ የሌላውም አብሮ ወደ ፊት መግፋት አለበት። አንዱ ተገልብጦ ከታሰረ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ የሚያወጡትም ድምፅ መንገድ ላይ ይጣፋል። ቤዙ ይጠፋል፣ የሰውየው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። መፈተሻው ቀላል ነው፤ ንግግር ክፈቱና ከሁለቱ መሐል ቁሙ። ድምፁ ከመሐል ከመጣ ልክ ነው። ከተበታተነና ጭንቅላታችሁን ከከበበ የአንዱን ስፒከር ሁለት ሽቦዎች ቦታ ቀያይሩ።

ምልክቱ የጠፋበት አሮጌ ስፒከር ከሆነ አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ ማለትም 1.5 ቮልቱን፣ ውሰዱ። ስፒከሩን ከአምፕሊፋየሩ ነቅላችሁ ሁለቱን ሽቦ በድንጋዩ ጫፍና ጫፍ ለቅጽበት ብቻ አስነኩ። ወረቀቱ ወደ ውጭ ብቅ ካለ ከድንጋዩ ፖዘቲቭ ጋር የነካው ቀይ ነው። በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት።

አምስተኛ፦ የት ይቀመጥ?

በእኔ የተማሪነት ጊዜ ፕላዝማ መጥቶ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በቴሌቪዥን ይሰጥ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ፕላዝማው ከፊት ነው፣ ክፍሉ ረጅም ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ተማሪው ብዙ ነው። ፊት የተቀመጠው ይደነቁራል፣ ኋላ የተቀመጠው የሚሰማው ማሚቶ ነው። አስተማሪው ድምፁን ቢጨምር ማሚቶውም አብሮ ይጨምራል። ያን ጊዜ ኋላ የነበሩት ልጆች ሰነፎች ተባሉ። እኔ ዛሬ አስተማሪ ሆኜ ሳስበው ብዙዎቹ ትምህርቱን አልሰሙትም።

ስለዚህ በእኛ ክፍል ስፒከሮቹን በልጆቹ ጆሮ ትክክል ከፍታ፣ ወደ መሐል ትንሽ ዞር አድርገን አስቀመጥናቸው። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ቱዊተር ፊት ለፊት ካላያችኋት ቃሉ ይደበዝዛል። "ሰ"ና "ሸ"፣ "ከ"ና "ቀ" የሚለዩት እዚያ ላይ ነው። ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አራቅናቸው። ጥግ ላይ የተቀመጠ ስፒከር ቤዙ ያብጣል፣ ግድግዳ አልፎ ጎረቤት የሚሄደውም ይኸው ወፍራሙ ድምፅ ነው። ሥራቸው አሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጠን አደረግን፣ ኮምፔርሳቶው እንዳይንቀጠቀጥ። በኋለኛው ግድግዳ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አነጠፍን። ብርድ ልብስ ማሚቶውን ይውጣል እንጂ ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ አይከለክልም። ይህን አትሳሳቱ። ጎረቤትን የሚያድነው ቤዙን መቀነስ ነው። የቤዝ ቁልፉን 10 ዴሲቤል ስትጨምሩ አምፕሊፋየሩን በዚያ ድምፅ ላይ አሥር እጥፍ ኃይል እየጠየቃችሁት ነው። አምፕሊፋየሩ ያንን አጥቶ ሲያንቋርር ደግሞ መጀመሪያ የምትቃጠለው ቱዊተሯ ናት።

ስድስተኛ፦ ሙቀትና መብራት።

ጅቡቲ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ናት። አምፕሊፋየር ደግሞ ራሱ ምድጃ ነው። እናቶቼ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዳንቴሉን አንሱለት! ከላዩም ከጎኑም ቢያንስ የአንድ መዳፍ ያህል ክፍት ቦታ ስጡት። የካምሲን ነፋስ አቧራ ሲያመጣ ሸፍኑት፣ ስትከፍቱት ግን ግለጡት።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የመብራቱ ነገር ነው። ከአንድ ቆጣሪ አምስት ቤት የሚጠቀምበት ግቢ እናውቃለን። አንድ ዲቫይደር ላይ፣ እዚህ ራሎንዥ የሚሉት ላይ፣ ፍሪጅ፣ ቬንቲላተር፣ ማብሰያና አምፕሊፋየር አንድ ላይ ተሰክቶ አይቻለሁ። አምፕሊፋየሩ ብዙ አይስብም፤ የሚያግለው ማብሰያው ነው። ግን ዲቫይደሩ ሲቀልጥ አብሮ ይሄዳል፣ ቤቱም አብሮ። ማብሰያን ለብቻው ሰኩ። ስፒከሩ "እምም" የሚል ድምፅ ሲያወጣ የመሬት ሽቦውን የሚቆርጡ አሉ። በፍጹም አታድርጉት! ያ ሽቦ ነፍስ ያድናል። መጀመሪያ ስልኩን ከቻርጀሩ ንቀሉት፣ ብዙ ጊዜ እምምታው ከዚያ ነው። ካልጠፋ የድምፁን ገመድ ከመብራት ሽቦ አርቁት።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ በከፍተኛ ኃይል መስመር መብራት ትገዛለች፤ መስመሩ የሚመጣው በድሬዳዋ በኩል ነው። እኛ ብዙዎቻችን በእግራችን የመጣነውን አቅጣጫ መብራቱ በሽቦ ይመጣዋል። ልጆቹ ይህን ስነግራቸው ሶኬቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

መብራት ሲጠፋስ? ለዚያ ዲ ክላስ የሚባለውን ትንሽ አምፕሊፋየር ፈልጉ። ከሚገባው ኃይል 90 በመቶ ገደማውን ወደ ስፒከሩ ያደርሳል፣ አሮጌው ዓይነት ግን ግማሽ ያህሉን ሙቀት ያደርገዋል። በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ባለ 8 ኦም ስፒከር ላይ ወደ 9 ዋት ይሰጣል። ከላይ እንዳልኩት ለክፍላችን ይበቃል። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ ማድረግን አትርሱ፤ የመኪና ባትሪ ሽቦ ካጋጠመ እሳት ነው።

አሁን በአሜሪካና በካናዳ ላላችሁ ዘመዶቻችን። ዕቃ ስትልኩልን እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። ግን እባካችሁ ከማሸጋችሁ በፊት የዕቃውን ጀርባ አንብቡ። እናንተ ጋ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። "100–240" የሚል ከሆነ ላኩት። "120" ብቻ ካለ በቀጥታ ሲሰካ ቮልቱ ወደ እጥፍ ይሄዳል፣ ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፣ በጭስ ይጠናቀቃል። ሦስተኛው የተቃጠለው አምፕሊፋየር እንዲህ ነበር። ከወንድም የመጣ ስጦታ፣ ሁለት ዓመት የተጠበቀ ሻንጣ፣ ገና ሲሰካ ያበቃ። ልጁ ለወንድሙ እስከ ዛሬ አልነገረውም፤ "በጣም ጥሩ ነው የሚሠራው" ይለዋል። ይህን የጻፍኩት እንዲህ ዓይነት ውሸት የሚዋሽ ሰው እንዳይጨመርብን ነው። ማሳነሻ ትራንስፎርመር አለ፣ ግን ከባድ ነው፣ ከዕቃው ዋት እጥፍ የሚችል መሆን አለበት። ከዚህ ሁሉ ስፒከሮቹን ብቻ ብትልኩልን ይሻላል። ስፒከር ቮልት አይመርጥም፣ አምፕሊፋየሩን እዚህ እንገዛለን።

ክፍላችን ምን ሆነች? ሁለቱን አሮጌ ስፒከሮች ባገናኘን በሁለተኛው ዓርብ አከራያችን በር ላይ መጥተው "ትምህርቱን አቆማችሁት እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ውስጥ ልጆቹ የተቀረጸ ንባብ እየሰሙ ይጽፉ ነበር። ገብተው አብረዋቸው ተቀመጡ። አማርኛ ትንሽ ይሰማሉ፣ ድሮ በባቡር ድሬዳዋ ይመላለሱ እንደነበር ያን ቀን ነገሩን። ክፍሏን እስካሁን አልጠየቁንም። እኛም ለራሳችን ደንብ አወጣን። አዛን ሲጀምር እንዘጋለን፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ምንም አይከፈትም፣ ቤዙ ከመሐል አያልፍም። እነዚያ እናታችንም የወንድማቸውን ቀብር ንግግር እንደገና ሰሙት፤ በእነዚህ በሁለቱ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። የሽማግሌውን ስም ጠርተው "እሱ ነው የተናገረው፣ አወቅሁት" ብለው አለቀሱ። በመጀመሪያው ቀን ያላለቀሱት ለቅሶ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ "ስደተኛ ስለሆንን ድምፃችንን እንቀንስ ነው የምትለን?" ትሉኝ ይሆናል። እኔ በዚህ ገጽ ስንት ዓመት ስለ መብታችን ስጽፍ ታውቁኛላችሁ። ዝም እንበል አልልም። በቃል የተለየ ድምፅ ዝቅ ብሎም ይደርሳል፣ ያልተለየ ግን ሰፈሩን ሁሉ ረብሾ ማንም ጋ አይደርስም እላለሁ። ማመልከቻ ስንጽፍም፣ ስብሰባ ላይ ስንናገርም ይኸው ነው። በቤት ግን ከስፒከሩ እንጀምር።

ስፒከር ወይም አምፕሊፋየር ያለው ሰው ከኋላው ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ በኮሜንት ያስቀምጥ፣ ኦሙንና ቮልቱን አይቼ እመልሳለሁ። ዋራበሌና አካባቢው ያላችሁ ደግሞ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይዛችሁ ኑ፤ ልጆቹ በነፃ ያያይዙላችኋል፣ እኔ ቆሜ አያለሁ። ስልክ ለማያነቡ እናቶችና አባቶች አንብቡላቸው። ዕቃ ለሚልኩ ዘመዶቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።

ቸር ያሰማን!